የሰማዩ ቦታ ፋይል

እትዬ ማኅደር ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ባሏ፣ ሴት ልጇና የደመወዝ ክፍል ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ የአገሪቱን የሕዋ ጉዳይ ወረቀት ስትቀበል፣ ቁጥር ስትሰጥ፣ ስትበሳና ስታስር የኖረች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የሕዋ ጉዳይ ሲባል ሮኬት እንዳይመስላችሁ። አገሪቱ ሮኬት የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ያላት ፖሊሲ ነው። እሱም ቢሆን አንድ አይደለም፣ አራት ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አንድ ይወለዳል። አራቱንም በገዛ ጣቶቿ የተየበችው እሷ ናት።

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ነው። የበሩ ታችኛ ጠርዝ ወለሉን ስለሚፍቅ ሰው ገና ሳይገባ ትሰማዋለች። ግድግዳው በሙሉ የብረት መደርደሪያ ነው፤ ፋይሎቹም እንደየዘመናቸው ቀለማቸው ይለያያል። የመጀመሪያው መንግሥት ቡናማ፣ የወታደሮቹ ቀይ፣ የሦስተኛው ግራጫ፣ ያሁኑ ሰማያዊ። ይህን ቀለም ማንም አላዘዘም፤ በየጊዜው ገበያ ላይ የተገኘው ካርቶን ነው። ጎብኚ ሲመጣ ግን ቀለሞቹን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፣ ትልቅ ትርጉምም ይሰጣቸዋል። እሷም አታርመውም። ሰው በነፃ ያገኘውን ትርጉም ምን ቆርጧት ትቀማዋለች?

ሥራ የገባችው በሃያ አንድ ዓመቷ፣ የታይፕ ፈተና አልፋ ነው። የዚያን ጊዜው የአገር መሪ፣ ሰዎች ጨረቃ ላይ ሲራመዱ በፊልም አይተው «እኛስ?» ብለው ነበር ይባላል። ያቺ «እኛስ?» የምትል አንዲት ቃል ኮሚቴ ወለደች፤ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ሊቀ መንበሩ መኪና፣ መኪናው ሾፌር ወለደ። ለሾፌሩ የሚጻፈውን የፈቃድ ወረቀት የሚተይብ ሰው ስላስፈለገ እሷ ተቀጠረች።

አንድ አመል ነበረባት። ሳታነብ መተየብ አትችልም። ሌሎቹ ታይፒስቶች የሚያዩት ፊደል ነው፤ እሷ የምታየው ነገሩን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ካልገባት እጇ ይቆማል። ስለዚህ ዘገምተኛ ተብላ ከነጠረጴዛዋና ከነታይፕ መኪናዋ ከታይፕ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ቅጣት መሆኑ ነው። ለእሷ ግን ድመትን ወተት ቤት አስገብቶ በር እንደመዝጋት ሆነ። አገሪቱ ስለ ሰማይ ያሰበችው ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበረ፤ አንብባ የማትጨርሰው።

አዲስ አለቃ በመጣ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። የመጀመሪያውን ወረቀት ለፊርማ ይዛ ስትገባ፣ ወረቀቱን አስቀምጣ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሰማይ የሚጀምረው ከየት ነው?» ትላለች። የመጀመሪያው አለቃ፣ ሽማግሌ የሕግ ሰው፣ «የአገራችን ሥልጣን ካበቃበት ነው ልጄ» አሏት። መንግሥት ተገለበጠና ኮሎኔሉ መጡ። «ጠላት ሊደርስበት ከማይችለው ከፍታ!» አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። ሦስተኛው መንግሥት የላከው ኢኮኖሚስት ቀና ብሎም አላያት። «በጀታችን ካለቀበት» አለና ፈረመ። ትክክለኛውን መልስ የነገራት የለም፤ ግን ከመልሱ አለቃዋን ታውቀዋለች። ያም ቀላል ነገር አይደለም።

ባሏን ያገኘችው በዚሁ የመንግሥት መለዋወጥ ሰበብ ነው። ሰውየው የሰሌዳ ጽሑፍ ሠሪ ነው። ኮሚቴው ኮሚሽን ሲሆን የበሩን ሰሌዳ ሊጽፍ መጣ፤ መሰላል ላይ ሆኖ «ሕዋ የሚጻፈው በየትኛው ‹ሀ› ነው?» ብሎ በመስኮት ጠየቃት። ነገሩ ጥያቄ ሳይሆን ልጅቷን ማናገሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ስሙን አሥራ አንድ ጊዜ ቀይሯል፤ ዘጠኙን የጻፈው እሱ ነው። አሮጌውን ቀለም አይፍቅም፣ በላዩ ላይ ይቀባል። «መንግሥት ሲለወጥ ሌላው ይጨነቃል፤ እኔ ቀለም እገዛለሁ» ይላል። ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያ ቀለም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ፋይል ቁጥር 112 እንምጣ።

በኮሎኔሉ ዘመን፣ ኮሚሽኑ በተቋቋመ በስድስተኛው ዓመት፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ሸሚዙ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ከሱሪው ወጥቶ ይውላል፤ ምሳውን ይረሳል፤ ግን የጠየቁትን ነገር ሳያስረዳ አይለቅም። አንድ ቀን ረጅም ማመልከቻ ይዞ መዝገብ ቤት መጣና ተይቢልኝ አላት። ማመልከቻው በሰማይ ላይ ቦታ የሚጠይቅ ነበር።

እጇ ቆመ። «ሰማይ ላይ ምን ዓይነት ቦታ ነው የሚጠየቀው?»

መሐንዲሱ ከጠረጴዛዋ ላይ የሙጫ ጠርሙስ አነሣና ከራሱ በላይ ያዘው። «ሳተላይት ትዞራለች። እኛም ከመሬት ጋር እንዞራለን። በጣም ርቃ፣ ልክ በመሬት ወገብ ትይዩ ሆና ከእኛ ጋር እኩል ከዞረች፣ ለእኛ የቆመች ትመስላለች። የመቀበያ ሰሃንሽን አንድ ጊዜ ወደ እሷ ካዞርሽ አለቀ፤ ስልኩም፣ ሬዲዮውም፣ የዝናብ ወሬውም ከእሷ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ግን አንዲት ክብ መስመር ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«ሰማይ ይህን ያህል ሰፍቶ ቦታ ይጠባል?»

«ሰማዩማ ሰፊ ነው፤ ደኅና ቦታው ነው ጠባቡ። ገበያም እኮ ሰፊ ነው፤ ሁሉም የሚፈልገው ግን በሩ አጠገብ መቀመጥ ነው። አሁን ካልያዝን ሀብታሞቹ ይጨርሱታል። ሳተላይቱ ይቆየን፣ ቦታው ይያዝልን ነው የምለው።»

ተየበችው። ኮሎኔሉ ፈረሙ። ውጭ አገር ወዳለው ዓለም አቀፍ መዝጋቢ ቢሮ ተላከ። መሐንዲሱ ቢሮውን «የሰማይ ማዘጋጃ ቤት» ይለው ነበር። ከዓመት በኋላ መልስ መጣ፤ ቦታው በኮሚሽኑ ስም ተመዝግቧል። ሆኖም በየአራት ዓመቱ ደብዳቤ ይመጣል፤ «ቦታውን አሁንም ትፈልጋላችሁ?» ይላል። በዘጠና ቀን ውስጥ «አዎን» ካልተባለ ቦታው ተሰርዞ ለቀጣዩ ተራ ጠባቂ ይሰጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

ወታደሮቹ ወደቁ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና ከእነሱ ጋር የሠራ ሁሉ ተባረረ፤ መሐንዲሱም ተባረረ። ካርቶኑን አቅፎ ደረጃውን ሲወርድ አይታዋለች፤ ቀና ብሎ «ቦታዋ አለቀላት» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ኮሚሽኑም በካርታ መሥሪያ ቤት ሥር አንዲት ክፍል ሆነ። ኢኮኖሚስቱ ፖሊሲ ቁጥር ሦስትን በአንድ ገጽ ተኩል ጽፎ ጨረሰ። ስለ ሰማዩ ቦታ ገና አፏን ስትከፍት፣ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ አሉ! ተይኝ እስቲ» ብሎ ሳቀባት።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው መጣ። እሷም የአለቃዋን ጠባይ ታውቅ ነበርና ዓርብ ከምሳ በፊት፣ ከሃያ ሦስት የፈቃድና የነዳጅ ወረቀት መሐል አድርጋ አስገባችው። ሰውየው ሳያይ ፈረመ። እንዲህ እያለች በሦስተኛው መንግሥት ዘመን አምስት ጊዜ አሳደሰችው። ለምን? ብትባል ስለ አገር ብላ አትመልስም፤ እንዲያ ያለ ትልቅ ቃል አፏ አይደፍርም። ማን መጥቶ እዚያ እንደሚቀመጥ ማየት ትፈልጋለች፣ ያ ብቻ ነው። የጀመረችውን ወሬ መጨረሻውን ሳትሰማ መሞት አትወድም።

አራተኛው መንግሥት ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ የመስተዋት በር ተገጠመ፣ አሳንሰሩ ተጠገነ፣ በካርታ መሥሪያ ቤት ሥር የነበረችውም ክፍል ኢንስቲትዩት ሆነች። ዳይሬክተሩን ሁሉም «ዶክተር» ይሉታል። ገና አርባ አልሞላውም፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የጽዳት ሠራተኞቹን ሳይቀር እየዞረ ሰላም ይላል። ጥያቄዋን ስትጠይቀው፣ «መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ነው ይላሉ፤ የተስማሙበት ቁጥር ነው እንጂ ምልክት የለውም። እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላት። በሠላሳ አምስት ዓመት ጥያቄዋን መልሶ የጠየቃት ሰው የለም። ወረቀቷን አስፈርማ ወጣች፤ ቀኑን ሙሉም ደስ ሲላት ዋለ።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ደግ ሰው ነው። ደብዳቤዎች በአሥራ አንድ ዓይነት ስም እየመጡ ሥራ ያምታታሉ፤ መንግሥት ደግሞ በአዋጅ ከወታደሮቹ አስተዳደር የሚወረስ መብትም ግዴታም የለም ብሏል። ዶክተሩ አስጠራትና «እትዬ፣ የተዘጉትን ስሞች ዝርዝር ከነቀናቸው ሊያዘጋጁልኝ ይችላሉ? ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም» አላት።

ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም። ይህን ቃል ለመስማት ሰው ስንት ዓመት ይቀመጣል? በሦስት ቀን ሠራችው። እያንዳንዱ ስም፣ የተቋቋመበት ቀን፣ የፈረሰበት ቀን፣ የአዋጁ ቁጥር፤ አንዲት ስሕተት የለበትም። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበላት። ዝርዝሩ ምድር ቤት ወደተከፈተው አዲስ የደብዳቤ መቀበያ ተላከ፤ ትእዛዙም በእነዚህ ስሞች የመጣ ሁሉ ሳይከፈት ወደ ላኪው ይመለስ የሚል ነበር። እሷ ትእዛዙን አላየችውም። ማታ ቤቷ ገብታ ስለ ጭብጨባው ለባሏ ነገረችው፤ «ዘጠኙ የእኔ ናቸው» አላት እሱም ቅር ሳይለው።

ጊዜው ደረሰ። ደብዳቤው የሚመጣበት ወር ገባ፣ ወጣ። ዘግይቶ ይሆናል አለች። ሌላም ወር አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳው ነበር፤ እሷን ግን አንድ ነገር ጭንቅላቷን ይበላት ጀመር። ሃያ ስምንት ዓመት ሳይዛነፍ የመጣ ደብዳቤ ዛሬ ምን አገኘው? የሰማይ ማዘጋጃ ቤት ተቃጠለ? ቦታው ጠፋ? ሰማይ ታጠፈ? አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሹራቧን ደረበችና ወደ ምድር ቤት ወረደች።

የደብዳቤ መቀበያው ሠራተኛ ወፍራም፣ ጨዋ፣ ማኅተሞቹን በቁመታቸው የሚደረድር ሰው ነው። የተመላሽ መዝገቡን ዘርግቶ አሳያት። አርባ አንድ ደብዳቤ ተመልሷል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ዓይኗ ቀረ። ላኪው መዝጋቢው ቢሮ ነው። ምክንያቱ በቀይ፣ «በዚህ ስም መሥሪያ ቤት የለም»።

«ይህን ለምን መለስከው?»

«እርስዎ በላኩልን ዝርዝር መሠረት እኮ ነው እትዬ! ይኸው፣ ተራ ቁጥር ሁለት። እንዴት ያለ ግሩም ዝርዝር መሰለዎ፤ አንድም ቀን አላሳሳተኝም።»

የውጭው ቢሮ ይህችን አገር እስከ ዛሬ የሚያውቃት በኮሚሽኑ ስም ነበር። ስም ለማስለወጥ የሚሞላው ቅጽ የአሮጌውን መሥሪያ ቤት ስም ጽፎ «እኔ ወራሹ ነኝ» ብሎ መፈረም ይጠይቃል። ቀድሞ የነበረውን ወራሽ ነኝ የሚል አለቃ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። እያወቀች ነው ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባችው፤ ዝርዝሩ እንዲያምር ስትል! ቀኑን ቆጠረች። ከዘጠናው ሰባ አራቱ አልቋል።

ማታ ባሏ ሁኔታዋን አይቶ ምን ሆነሽ አላት። ነገረችው።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? የታዘዝሽውን ነው የሠራሽ።»

«የታዘዝኩትንማ ሠራሁ። የማውቀውን ነው የረሳሁት። ጭብጨባ ወስዶኝ!» አለችና አለቀሰች። በሥራ ጉዳይ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ባሏ እስክትጨርስ ጠበቀ። «እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ ጠዋት ግቢና ንገሪው። የተደበቀ ጥፋት እንደሆነ ወለድ አለው።»

ጠዋት ቀይ ፋይሉን አቅፋ ገባች። ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ማመልከቻውን አነበበ። ከዚያ የመዝጋቢውን መልስ አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«ቦታ አለን?»

«አለን። ለአሥራ አምስት ቀን።»

«እኔ እኮ ፖሊሲው ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ‹በአምስት ዓመት ውስጥ ቦታ እንጠይቃለን› ብዬ ጽፌያለሁ!» ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «ግን መፈረም አልችልም። የኮሚሽኑ ወራሽ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ አዋጁን ጣስኩ፤ አዋጁን ላስተርጉም ብል ደግሞ ምክር ቤቱ እስኪሰበሰብ ሁለት ወር ነው። ለምን አዲስ ማመልከቻ አናስገባም?»

ይህን የሚመልሰውን ሰው ታውቅ ነበር።

መሐንዲሱ ከተባረረ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አላየችውም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሲያስተምር ቆይቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ልጁ ዘንድ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች አፓርታማ ውስጥ ይኖራል። በሩን ሲከፍትላት ሸሚዙ ዛሬም ከአንድ ወገን ወጥቷል። አወቃት፤ «አንቺ ባለ ሙጫዋ!» አላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ስለ ሰማዩ ቦታ።»

«እሱማ ያኔ ተሰረዘ፤ የሚያድስ ጠፍቶ። ስንት ቀን አሳዝኖኛል መሰለሽ።»

«አልተሰረዘም።»

ከታች የመድኃኒት ቤቱ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ስድስት ጊዜ ታድሷል። አንዱን እርስዎ፣ አምስቱን እኔ አሳደስን። አሁን ግን በእኔ ጥፋት ሊሄድ ነው።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ፤ አላጠፈውም፣ አልጠረገውም፣ እንዲሁ እጁ ላይ ያዘው። እንባው ወረደ፤ አላፈረበትም። «ሃያ ሁለት ዓመት!» አለ። «እኔ ለተማሪዎቼ ‹አንድ ጊዜ ቦታ ነበረን› እያልኩ ነበር እኮ የማስተምረው። ዋሽቻቸዋለሁ ማለት ነው።»

ከዚያ አስተማሪነቱ ተመለሰበትና ወረቀት አምጪ አላት። አዲስ ማመልከቻ ማለት ከሰልፉ ጭራ መቆም ነው፤ ከፊት ስንት አገር እንዳለ እሱ ራሱ አያውቅም። በዚያ ላይ የሚገኘው ቦታ ከአድማሱ አጠገብ ይሆናል፤ «ሰሃኑ ሰማይ ሳይሆን የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው» አለ እየሣለ። በመሐል እጁ ቆመ።

«ቆይ። የማመልከቻው ቅጽ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ነበረች። ተቋሙ መመለስ ባይችል፣ ማመልከቻው ላይ የተመዘገበ ተጠሪ ሊመልስ ይችላል፤ ግን ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ እዚያው ሥራ ላይ ያለ መሆን አለበት። ሁለት ተጠሪ ነው የሚጠይቁት። አንደኛው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ተባረርኩ።»

«ሁለተኛውስ ማን ነው? እኔ ኮፒው ላይ አላየሁም።»

«ኮፒው ላይማ የለም፤ ፖስታ ቤት ቆሜ ነው በእጄ የሞላሁት። ባዶ ከሆነ አንቀበልም አሉኝ። የኮሎኔሉን ስም ብጽፍ ኮሎኔል ይሻራል። የማይሻር ሰው አሰብኩና የአንቺን ጻፍኩ።» ጭንቅላቱን አከከ። «ልነግርሽ አስቤ ነበር። ረሳሁት።»

ሃያ ስምንት ዓመት! ያን ሁሉ ወረቀት አንብባ፣ ያላነበበችው የራሷን ስም ነበር። በደረጃው ስትወርድ ብቻዋን ሳቀች፤ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ዞር ብላ አየቻት።

ዶክተሩ በማግሥቱ ይህን ሲሰማ ወደ መዝጋቢው ቢሮ ደወለ። ብዙ አስጠበቁት። ከዚያ የሆነ ሰው ከሩቅ አገር፣ ፊደሉን እየሰባበረ፣ አንድ ስም አነበበለት። ዶክተሩ ስልኩን ዘጋና ስሙን በሙሉ፣ ከነአባቷ፣ ጠራው። ያን ስም በዚያ ሕንፃ ውስጥ አለቃ ሲጠራው ሰምታ አታውቅም።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ጊዜ ፈራች። ለጡረታዋ የቀራት አንድ ዓመት ነው። ከደመወዝ መቀበያና ከ«ተረክቤያለሁ» በቀር በሕይወቷ የፈረመችው ነገር የለም፤ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ወረቀት ዘርግታ፣ የሚፈረምበትን በጣቷ አሳይታ፣ ወደ ኋላ ቆማ የምትጠብቅ ሰው ናት። «ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ‹ማን ፈቀደልሽና በአገር ስም ጻፍሽ?› ቢለኝስ? እርስዎ በጽሑፍ ያዙኝና ልፈርም።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ልዋሽዎት አልፈልግም። በጽሑፍ ካዘዝኩ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ያው አዋጁ ላይ እንወድቃለን። ላዝዝዎት አልችልም። እለምንዎታለሁ። እምቢ ቢሉም አልቀየምም፤ ቦታው ቢሄድ ጥፋቱ ዝርዝሩን ያዘዝኩት የእኔ ነው።»

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ተቀመጠች። አራት መንግሥት ቀለም ቀለሙን ለይቶ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። ሁሉም ስለ ሰማይ ጽፈዋል፤ ሁሉም «ከእኛ በፊት ምንም አልነበረም» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሦስቱ ሄደዋል። ያቺ ባዶ ቦታ ግን እዚያው አለች። እንቢ ካለች በቀረው ዕድሜዋ ሁሉ ማን ሄዶ እዚያ እንደተቀመጠ እያሰበች ልትኖር ነው፤ ይህን ደግሞ ከጡረታ መከልከል ይልቅ ፈራችው። ወረቀት አስገባችና ሁለት መስመር ተየበች። «የተመዘገበውን ቦታ በተመለከተ፣ ቦታውን አሁንም እንፈልጋለን። ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ሳላቋርጥ በሥራ ላይ የምገኝ ተጠሪ።» ከሥሩ የደመወዝ ፊርማዋን ፈረመች። ማዕረግ በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበችና «መዝገብ ቤት» ብላ ጻፈች።

ደብዳቤውን ራሷ ይዛ ፖስታ ቤት ሄደች፤ በአስቸኳይ ተላከ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ዶክተሩ በኮሪደር ሲያገኛት አይጠይቃትም፤ ግን ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች፣ ገና ነው። መሐንዲሱ በየሁለት ቀኑ ስለ ሌላ ነገር እያስመሰለ ይደውላል። ዘጠናኛው ቀን አለፈ። መቶኛውም አለፈ። ባሏ እንኳ መቀለዱን ተወ።

በመቶ ስድስተኛው ቀን በሩ ወለሉን ፋቀ። የምድር ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ አሳንሰሩን ሳይጠብቅ ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ደብዳቤ መጥቷል፤ የመሥሪያ ቤት ስም የለበትም፣ የሰው ስም ነው ያለበት። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ አልተዘጋም። ደመወዝ ክፍል ብጠይቅ የእርስዎ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለችና ተቀበለችው።

በመቀስ ከፈተችው። ሦስት መስመር ነው። መልሷ በሰማንያ አራተኛው ቀን ደርሷል፤ ቦታው ለቀጣዩ አራት ዓመት ጸንቷል፤ ወደፊት በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ለእሷ ይጻፋል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ለመሐንዲሱ ደወለች፤ «አለን» አለችው፤ ከወዲያ ወገን የሚሰማው የመድኃኒት ቤቱ በር ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ሳቅ። ስልኩን ዘጋች። አሁን የቀረው ፋይል ማድረግ ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት ግን አለቃ ጠርዙ ላይ መመሪያ ያልጻፈበት ወረቀት ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ሕጉ እንዲያ ነው፣ እሷም አንድ ቀን ጥሳው አታውቅም። ዶክተሩ ደግሞ ይህን ወረቀት በይፋ አላየውም፣ ሊያየውም አይችልም። በሕንፃው ውስጥ ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ሌላ አለቃ የለም።

እስክሪብቶዋን አነሣችና፣ አራት አለቆች ሲጽፉት እንዳየችው፣ ከላይ ጠርዙ ላይ በሰያፍ «ታይቷል፤ ከፋይል 112 ጋር ይያያዝ» ብላ ጻፈች። ፈረመችበት። ከዚያ ወረቀቱን ከራሷ ተቀብላ ቁጥር ሰጠችው።